አንድ መከራ በአንድ ጊዜ፦ ግልገልን በአሶሳ ጡት ማስጣል

ግልገል ከእናቱ ከተለየ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ሲከሳና ሲሞት ሰው ሁሉ “ወተት ቀርቶበት ነው” ይላል። ወተት መቅረቱ ብቻውን የሚገድል ቢሆን ኖሮ ግን አንድም ፍየል ለአቅመ ገበያ ባልደረሰ ነበር። የሚገድለው መደራረቡ ነው። ጠዋት እናቱ ተወሰደች፤ ከሰዓት ክትባት ተወጋ፤ በማግሥቱ ተኮላሸ፤ በሳምንቱ ከትልልቆቹ ጋር ወንዝ ዳር ተነዳ። እያንዳንዱ ነገር ብቻውን ሲመጣ ይቻላል፤ አንድ ላይ ሲመጣ ግን ስምንት ኪሎ የማይሞላ ገላ አይሸከመውም።

ይህ መመሪያ በአሶሳ፣ በባምባሲ፣ በሆሞሻ፣ በመንጌና በአካባቢው ጥቂት ፍየሎች ይዘው ለሚኖሩ አርቢዎች ነው። ከአባይ ማዶ በመተከል ያሉትም አብዛኛው ይጠቅማቸዋል።

ወሩ

ሥራው የሚጀምረው ግልገሉ ከመጸነሱ በፊት ነው። የአሶሳ ዝናብ ከሚያዝያ መጨረሻና ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ኅዳር ካለፈ በኋላ ሣሩ ይደርቃል፤ ቀጥሎ እሳት ይመጣል። በየበጋው ሣሩና ቁጥቋጦው ሲቃጠል ያየ የክልሉ ሰው ከጥር እስከ ሚያዝያ ለፍየል የሚተርፈው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገውም፤ ከእሳት ያመለጠ የዛፍ ቅጠል፣ የቀርከሃ ቅጠልና የማሳ ቃርሚያ ነው። ጡት የሚጥልበት ጊዜ እዚህ ወቅት ላይ ከወደቀ ወተቱ የሚቀርበት ምትክ በሌለበት ሰሞን ነው ማለት ነው።

ፍየል አምስት ወር ታረግዛለች፤ 150 ቀን ገደማ። ሴቶቹ ጥር ላይ ከአውራ ከተገናኙ ሰኔ ላይ ይወልዳሉ፤ ግልገሉም ጥቅምት ላይ አራት ወር ይሞላዋል። ይህ ስሌት ለአሶሳ ይስማማል። በጥር መጀመሪያ ማሽላው ታጭዶ ማሳው ለከብት ስለሚለቀቅ ሴቶቹ ቃርሚያ በልተው ይበረታሉ። ሰኔ ላይ ለምለም ቅጠል ስለሚሞላ ወተት ይኖራቸዋል። ጥቅምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ቀለል ብሎ፣ ጭቃው እየጠነከረ፣ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ የለውዝ ገለባም የሚሰበሰበው በዚሁ ሰሞን ነው። የዚህ አሠራር ጉድለት አንድ ነው፦ ግልገሎቹ የሚወለዱት በዝናብ ስለሆነ ደረቅ ቤት ከሌለዎት ጥቅምትን ሳያዩ በሳንባ ምች ያልቃሉ። ስለ ቤቱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

እርግጥ የጎረቤት አውራ ቀን መቁጠሪያ አያነብም። ፍየል በጋራ በሚሰማራበት ሰፈር የእርስዎን አውራ ማሰር ብቻ ዋጋ የለውም። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መንጋቸው አንድ ላይ ከሚውል ጎረቤቶች ጋር ተስማምቶ አውራዎቹን ከሆዳቸው ሥር በሸራ ሽርጥ መሸፈን ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ አጓጉል ጊዜ የተወለዱትን በሌላ ሥርዓት መያዝ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር የተወለደ ግልገል አራት ወር የሚሞላው በእሳቱ ሰሞን ነው። እንዲህ ያለውን አንድ ወር ተጨማሪ ያጥቡት፤ የሚቀልቡት ግን እናቱን ነው። እናቱ እንደገና አርግዛ ሁለት ወር ብቻ ከቀራት ግን መታገሥ አይቻልም፤ ከዚያ በላይ ማጥባት ያለውንም የሚመጣውንም ግልገል ይጎዳል።

ሚዛኑ

ዕድሜ ይረዳል እንጂ አይወስንም። በደንብ የተቀለበ ግልገል በሦስት ወር ሊለይ ይችላል፤ በቅጠልና በሣር ብቻ የሚያድገው አራት ወር ይጠብቅ። እውነተኛው መለኪያ ክብደት ነው። የአገራችን ፍየል ግልገል ሲወለድ ከሁለት እስከ ሁለት ኪሎ ተኩል ይመዝናል። በተወለደበት ቀን መዝነው ይጻፉት፤ የዚያን ሦስት እጥፍ ሲደርስ፣ ማለትም ከስድስት እስከ ሰባት ኪሎ ተኩል ሲሆን፣ ለመለየት ደርሷል። በገበያ የሚንጠለጠለው ሚዛንና አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ይበቃል። መንታዎች እኩል አያድጉም፤ ከሁለቱ ደካማው ካልደረሰ ትልቁን ለይተው ትንሹን ለእናቱ ይተዉላት። እንዲያውም ትንሹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲደርስ ያዩታል።

ክብደቱ ደርሶም የሚያመሰኳ መሆኑን ይመልከቱ። ከሰዓት በኋላ ተኝቶ መንጋጋውን እያንቀሳቀሰ የማያመሰኳ ግልገል ሆዱ ገና ቅጠል መፍጨት አልጀመረም።

አስቀድሞ ማልመድ

ግልገል ከሁለት ሳምንቱ ጀምሮ ቅጠል መቆርጠም ይጀምራል። የሚቆረጥመው ነገር ነው ትልቁን ጨጓራ የሚያሳድገው፤ ወተት በሌላ መንገድ ስለሚያልፍ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ወተት ብቻ ጠጥቶ የወፈረ ግልገል ሲያዩት ያምራል፣ ከእናቱ ሲለይ ግን ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው።

ከጉረኖው ማዕዘን በቀርከሃ ትንሽ አጥር ያጥሩ። በቀርከሃዎቹ መካከል ግልገሉን አሳልፎ እናቱን የሚያስቀር ክፍተት ይተዉ፤ አንድ ስንዝር የማይሞላ ይበቃል። ውስጡ ለስላሳ ቅጠል ከፍ አድርገው ይስቀሉ፤ ሰስባንያ፣ ሉሲኒያ፣ የእርግብ አተር፣ ካልሆነም አካባቢው ላይ ፍየል የሚወደውን ቅጠል። ጥቂት የተፈጨ እህልም ያስቀምጡ። በየቀኑ የተረፈውን ያውጡ፤ ግልገል በምራቅና በሽንት የተበላሸ መኖ ከሚበላ ጾሙን ያድራል።

ለአሥር ኪሎ ድብልቅ፦ አምስት ኪሎ ክክ ማሽላ ወይም በቆሎ፣ ሦስት ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ ሁለት ኪሎ ፉርሽካና አንድ መቶ ግራም ጨው። ፋጉሎው ከተወደደ የተቆላ አኩሪ አተር ይተካዋል፤ ጥሬውን ግን አይስጡ። ዩሪያ የነካው መኖ ለዚህ ዕድሜ መርዝ ነው። በሚለይበት ሰሞን ግልገሉ በቀን መቶ ግራም ያህል ድብልቅ፣ ሁለት እፍኝ ገደማ፣ ሳይጎተት የሚጨርስ መሆን አለበት። እስኪጨርስ ድረስ አይለዩት።

ቤቱ

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የቆላ ቀርከሃ አገር ሆኖ ሳለ ግልገል ጭቃ ላይ ማደሩ የሚገርም ነው። ወለሉን ከመሬት ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ከፍ አድርገው በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይረብርቡት። በፍልጦቹ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሁን፤ በዚያ በጠጥ ይወርዳል፣ ኮቴ ግን አይሰነቀርም። ከዝናቡ ወገን ያለውን ግድግዳ ይድፈኑት፤ ሌላውን በላይ በኩል አየር እንዲገባ ክፍት ይተዉት። ሙቀት እንዲሆንላቸው ብሎ ሁሉንም መድፈን ሽንቱን ውስጥ አፍኖ ሳንባቸውን ያቃጥላል። ለአንድ ጡት ለጣለ ግልገል ግማሽ ሜትር ካሬ ይበቃል። ከሥር የሚጠራቀመው በጠጥ ለማንጎ ችግኝዎ ነው።

በሩን አደራ፤ ጅብ በሌሊት፣ ዝንጀሮ በቀን።

የሚለዩበት ቀን

ከመለያው ቀን ሁለት ሳምንት በፊት ከታች የምገልጸው የደስታ መሰል በሽታ ክትባት ይለቅ። ከሳምንት በፊት፣ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ የትል መድኃኒቱ ይሰጥ። የመንግሥት የክትባት ዘመቻ በራሱ ጊዜ ስለሚመጣ ከመለያው ቀን ጋር ከገጠመ ዘመቻውን አያሳልፉ፤ የሚራዘመው መለየቱ ነው።

በቀኑ የሚወሰደው እናት እንጂ ግልገል አይደለም። እሱ በለመደው ቤት፣ ከለመዳቸው ባልንጀሮቹ ጋር፣ በለመደው ገንዳ ይቆይ። እናቶቹን ድምፅ የማይሰማበት ቦታ፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ጋ ይውሰዷቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለ በሌሊት ብቻ መለየት ይጀምሩ፤ ሳምንት በሌሊት፣ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ማጥባት፣ ከዚያ መተው። ይህ ቀስ ያለ ቢሆንም ለቤተሰቡ የጠዋት ወተት ያስገኛል፤ በብዙ ቤት የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ወተቱን ለልጅ ከመስጠትዎ በፊት ያፍሉት፤ በፍየል ላይ ውርጃ የሚያመጣው በሽታ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል።

ጡት ላይ እበት መቀባት የቆየ ልማድ ነው። ይሠራል፤ ግልገሉ ይጸየፋል። ግን ጡት ገና ወተት ይዞ ሳለ ቀዳዳው ላይ እበት መለጠፍ በሽታን መጋበዝ ስለሆነ አልመክርም። ይልቅ ከመለያው ቀን ሦስት ቀን በፊት ለእናቲቱ ፋጉሎና ድብልቅ መስጠት ያቁሙ፤ በደረቅ ሣርና በውኃ ትቆይ። ወተቱ ራሱ ይደርቃል። ከተለየች በኋላ ለአንድ ሳምንት ጡቷን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ከጠጠረ፣ ከሞቀ ወይም አንዱ ወገን ብቻ ካበጠ ለባለሙያ ያሳዩ።

ግልገሎቹ ሁለትና ሦስት ቀን ይጮኻሉ። ማልቀሳቸው ሊያሳዝንዎ ይችላል፤ በሁለተኛው ሌሊት እናቶቹን መመለስ ግን ሥቃዩን እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው።

ቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት

ከሁሉ በፊት ውኃ። ግልገሉ በወተት ያገኘው የነበረው ውኃም ጭምር ነው የቀረበት። አሥር ኪሎ የሚሆን ግልገል በሙቀት ቀን አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል። ንጹሕ ውኃ ቀኑን ሙሉ ከፊቱ ይኑር እንጂ ምሽት ላይ አንድ ጊዜ ወንዝ አይነዳ። አንዳንዱ ውኃ መጠጣት አያውቅም፤ አፉን በእርጥብ ጣት እየነኩ ያስለምዱት።

ድብልቁን ከመቶ ግራም ቀስ ብለው በሁለት ሳምንት ወደ ሁለት መቶ ያሳድጉ። በአንድ ጊዜ መጨመር ሆዱን ያቦካዋል፤ ግልገሉ ይነፋል፣ ይቀዝናል፣ ይተኛል። በተረፈ ቅጠል እስኪጠግብ ይብላ። የለውዝ ገለባ ካለዎት በክልሉ ከሚገኙት ሁሉ ምርጡ ደረቅ መኖ እሱ ነው፤ የሻገተውን ግን ለግልገል ከመስጠት ማቃጠል ይሻላል። ሉሲኒያን ከሚበላው ከሢሶ በላይ አያድርጉት። ጨው በአሞሌ ይስቀሉ፤ ይልሱታል።

አንድ ነገር በተለይ ለማሽላ ገበሬ። ማሽላ ከታጨደ በኋላ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ለጋ፣ እንዲሁም በድርቅ ተቀጭጮ የቀረው፣ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ይይዛል። ጥቂት ጉርሻ የራበው ግልገልን በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥል ይችላል። “ዓይን በላው” የሚባለው ድንገተኛ ሞት አንዳንዱ ይኸው ነው። ቃርሚያ ላይ የሚለቁት ከሆነ መጀመሪያ ቤት ያብሉት፣ ማሳውንም ዞረው ይመልከቱ። በደንብ የደረቀ አገዳ ችግር የለውም።

ለሦስት ሳምንት ግልገሎቹ ከቤት አካባቢ አይራቁ። የተለዩት ከትልልቆቹ ጋር ከዋሉ ጉልበተኛው መኖውን ይወስድባቸዋል፤ ደግሞም ትልልቆቹ በሽታ ተሸክመው ራሳቸው የማይታመሙ ናቸው።

ሕመሙ

በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ የሚመጣው ተቅማጥ ነው። ደም የቀላቀለ ወይም የጠቆረ፣ በእርጥብና በተጨናነቀ ቤት የሚበረታ ከሆነ ኮክሲዲዮሲስን ይጠርጥሩ። ተሐዋስያኑ በጤና ጊዜም በአንጀት ውስጥ አሉ፤ ግልገሉ ሲጨነቅ ነው የሚበረቱት። ታማሚውን ይለዩ፣ ወለሉን ያድርቁ፣ ገንዳውን ከፍ ያድርጉ፣ መድኃኒቱን ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ይውሰዱ። እስከዚያ የሚያተርፈው ውኃ ነው። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው በትንሽ በትንሹ ያጠጡት።

ሁለተኛው የሚታየው ዓይን ላይ ነው። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርገው ይዩ፤ ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፤ ከገረጣና ከነጣ ደም አንሶታል። በአሶሳ ምድር ለዚህ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ፤ የጨጓራ ትልና ገንዲ። ትሉ ብዙ ጊዜ ከመንጋጋ ሥር እብጠት ያመጣል፤ ገንዲው ፀጉርን ያቆማል፣ ቀስ እያለ ያከሳል፣ ትኩሳቱ መጥቶ ይሄዳል። ግን ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉና በግምት መርፌ ከመውጋት ደም ማስመርመር ይሻላል። የገንዲ መድኃኒት ከገበያ ገዝቶ በግማሽ መጠን መውጋት የገንዲ ዝንብ የምታስተላልፈውን ተሐዋስ መድኃኒቱን እንዲለምድ ያስተምረዋል፤ ያኔ ለጎረቤትም አይሠራም።

የትል መድኃኒት ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አለ። ለበግ የሚበቃው መጠን ለፍየል ያንሳል፤ ፍየል መድኃኒቱን ከሰውነቷ ቶሎ ታስወግዳለች። ስለዚህ ባለሙያው በፍየል ልክ፣ በተመዘነ ክብደት እንዲሰጥ ይጠይቁ። ከመድኃኒቱ በላይ የሚጠቅመው ግን አሰማሪው ነው። የትል ዕጭ የሚኖረው ከመሬት ብዙ በማይርቅ እርጥብ ሣር ላይ ነው፤ ከጉልበት በላይ ያለውን ቅጠል የሚቀጥፍ ፍየል አያገኘውም። ጤዛ ሳይረግፍ አያውጧቸው፤ ረግረግ አያሰማሩ። የገንዲ ዝንብም በብዛት የምትኖረው በወንዝ ዳር ጥላ ውስጥ ስለሆነ የዳቡስና የአባይ ገባር ወንዞች ዳርቻ ለዚህ ዕድሜ ቦታው አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው። ዓይንና አፍንጫ ይፈስሳል፣ አፍ ይቆስላል፣ ያስላል፣ ይቀዝናል፤ በጥቂት ቀናት መንጋ ይጨርሳል። የከብቱ ደስታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ ይህኛውንም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ዓለም አቀፍ ዕቅድ ተይዟል። እስከዚያ መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ግን አለው። ግልገል በእንገር ያገኘው የእናቱ መከላከያ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ያልቅበታል። ልብ ይበሉ፤ ጡት በሚጥልበት ሰሞን ማለት ነው። ክትባቱን ከመለየቱ ሁለት ሳምንት በፊት ያልኩት ለዚህ ነው። በበረዶ ያልቆየ ክትባት ውኃ ነውና ከታቢው በጠዋት እንዲመጣ፣ ብልቃጡንም በበረዶ ውስጥ ይዞ እንዲመጣ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከገበያ የገዙትን ፍየል፣ በተለይ በኩርሙክ ድንበር በኩል የመጣውን፣ 21 ቀን ለብቻው ሳያቆዩ ከግልገሎቹ አይቀላቅሉ። ምልክቱን ካዩ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በዚያው ቀን ይንገሩ፤ የታመመውን ወደ ገበያ አይንዱ።

ወንዶቹና ሴቶቹ

ወንድ ግልገል አራት ወር ሲሞላው እኅቱን ማስረገዝ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ጡት የጣሉበት ቀን የወንድና የሴት መለያም ይሁን። ለሙክት የሚያስቡትን ከመለያው ሦስት ሳምንት በኋላ ቡርዲዞ በሚባለው መቆንጠጫ ያስኮላሹ፤ ቁስል ስለማይተው ለዝንብ አይመችም።

ሴቷን ለዘር ሲይዙ ዕድሜዋን ሳይሆን ክብደቷን ይዩ። 18 ኪሎ ሳትሞላ ከአውራ መገናኘት የለባትም። ሰኔ የተወለደች በመጀመሪያው ጥር ብዙ ጊዜ አትደርስም፤ ይለፏት። መንታ የምትወልድና ሁለቱንም አሳድጋ ለጥቅምት የምታደርስ እናት ልጅ ብትሆን ይመረጣል።

ወንዶቹን በተመለከተ የአሶሳ ገበያ ሁለት ዓይነት በዓል አለው። ለዓውደ ዓመትና ለፋሲካ ገዢው ሥጋና ስብ ይፈልጋል። የአረፋ ገዢ ግን ሌላ መስፈርት አለው፤ ፍየል ዓመት ሞልቶት፣ ዓይኑም እግሩም ጤነኛ፣ ጆሮውም በብዙው ያልተቆረጠ መሆን አለበት። ስለዚህ ለምልክት ብለው ጆሮ በሰፊው አይቁረጡ። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ በእነዚህ ዓመታት ሚያዝያና ግንቦት ላይ ስለሚውል ሰኔ የተወለደ ወንድ ለመጀመሪያው አረፋ አይደርስም። ደላላ “ማን ያውቃል” ቢልዎት አይስሙት፤ ገዢው የፍየሉን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል።